እያደር የሚጠራ ብልቃጥ

ኢንስፔክተር አትጠገብ ጡረታ ለመውጣት ጥቂት ወራት ቀርቷታል። እዚህ ደረጃ የደረሰ ሰው ቀላል ነገር ይመኛል፤ የጠፋ ሞተር፣ የአጥር ጠብ፣ ቢበዛ በይርጋጨፌ መንገድ የተጋጨ አውቶቡስ። ሬሳ አይመኝም። የዲላ ዝናብ ግን የማንንም ምኞት አይጠይቅም፤ ያን ሰሞን ያለማቋረጥ ሲወርድ ከርሞ፣ በአንድ ጭቃማ ጠዋት ኮረብታው ላይ ካለ የጤና ኮሌጅ ስልክ ተደወለ። የኮሌጁን የአናቶሚ ሙዚየም ፎቶ ሊያነሳ ከአዲስ አበባ የመጣው ነብዩ የሚባል ሰው በብልቃጦቹ መሃል ሞቶ ተገኝቷል ተባለች።

ሳጅን ሲላስ መኪናውን እየነዳ፣ «ከመሰላል ወድቆ ነው የሚሉት፣ ኢንስፔክተር። ቶሎ እንጨርሳለን» አላት።

«በእኔ ዕድሜ ቶሎ የሚያልቀው ጉልበት ብቻ ነው» አለችው። እውነቷን ነበር፤ የኮሌጁን ደረጃ ስትወጣ ሁለት ጊዜ ቆማ አረፈች።

ሙዚየም የሚባለው አንድ ረጅም ክፍል ነው። በንጉሡ ዘመን የውጭ ሐኪሞች ይዘዋቸው የመጡ የሰም ሞዴሎች፣ ቆዳቸው ተገልጦ ጡንቻቸው የሚታይ፣ በአንዱ ግድግዳ ጥግ ቆመዋል። በግራና በቀኝ ሁለት ረጃጅም መደርደሪያዎች አሉ፤ በላያቸው በፎርማሊን የተሞሉ ትልልቅ ብልቃጦች፣ በየብልቃጡም ልብ፣ ሳንባ፣ ኩላሊት፣ የተሰነጠቀ ራስ ቅል። ሽታው ዓይን ያቃጥላል። የነብዩ ሥራ እነዚህን ሁሉ እያነሳ መጽሐፍ ማድረግ ነበር። አሁን በግራው መደርደሪያ ሥር በጀርባው ተዘርግቷል፤ መሰላሉም አጠገቡ ወድቋል። ዙሪያውን የብልቃጥ ስብርባሪና የፈሰሰ ፎርማሊን ነው። በብልቃጡ ውስጥ የነበረው አካል ግን የለም።

ክፍሉ መሃል የሲሚንቶ ጠረጴዛ አለ። በላዩ፣ ከኋላው ጥቁር ጨርቅ ተጋርዶለት፣ ካሜራው ፊት አንድ ሌላ ብልቃጥ ቆሟል። ውስጡ የሰው እጅ አለ፤ ፈሳሹ እንደ ምንጭ ውሃ ጥርት ያለ ነው።

ሬሳው ሲነሳ አትጠገብ ጉልበቷን ይዛ ጎንበስ አለች። ከጀርባው ሥር ያለው ወለል ደረቅ ነው፤ ሸሚዙም ከጠርዙ በስተቀር ደረቅ ነው። ከራሱ ኋላ ያለው ቁስል ጠባብና ጥልቅ ነው። ተነስታ ጠረጴዛውን ዞረችው። አቧራ ተጋግሮበታል፤ አንዱ ማዕዘን ብቻ ተወልውሎ ያበራል። ከዚያ አንድ የመስታወት ስባሪ አንስታ ከመደርደሪያው ብልቃጦች ጋር አስተያየችው። የብልቃጦቹ መስታወት አረንጓዴ ነገር፣ በውስጡ አረፋ ያረገዘ ነው። ስባሪው ንጹሕ ነው። ስባሪውን በመሐረብ ጠቅልላ ኪሷ ከተተችና ጥበቃውን ጥሩልኝ አለች።

ጥበቃው ሰይድ ይባላል። የሚያውቀውን ሁሉ ሳይጠየቅ ዘረዘረ። ሁልጊዜ ጠዋት ቀድመው ገብተው መስኮት የሚከፍቱት የላቦራቶሪ ቴክኒሻኑ አቶ ሽብሩ ናቸው። ዛሬም እሳቸው ናቸው አይተው የጠሩት። እሱ ከሽታው የተነሳ ከበሩ አላለፈም፤ እግርና መሰላል አይቶ ወደ ጥበቃ ቤቱ ሮጠ፤ ከዚያ ለአናቶሚ መምህሩ ለዶክተር ገሪማ ደወለ።

«ምን ብለህ ነገርካቸው?»

«ነብዩ ሞቷል፣ መሰላል ወድቋል፣ ብልቃጥ ተሰብሯል አልኳቸው። ደነገጡ። ፖሊስ ጥራ አሉኝ። ሕፃኑን ሽብሩ ወደ ማቃጠያው ይውሰደው፣ ሌላ ሰው አይግባ አሉ። ተመልሼ ለአቶ ሽብሩ ነገርኳቸው። ወስጄዋለሁ አሉኝ።»

«ሕፃን?»

ያን የመለሱላት የሙዚየሙ ኃላፊ ወይዘሮ ስመኝ ናቸው። የተሰበረው፣ ሞቶ የተወለደ ሕፃን የነበረበት ብልቃጥ ነው፤ ተማሪዎቹ «የተኛው ሕፃን» ይሉታል። ወይዘሮ ስመኝ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ አድርገው፣ ከግራው መደርደሪያ አናት የጎደለውን ቦታ በአገጫቸው አመለከቱ። ከነብዩ ጋር መጣላታቸውን ከሰው ከመስማቷ በፊት ራሳቸው ተናገሩ።

«ሙት ፎቶ አይነሳም ብያለሁ፣ አልክድም። እነዚህም ሰው ነበሩ። ግን እጄን በሰው ላይ አላነሳም።»

«ትናንት መቼ ተለያያችሁ?»

«እንደ ሁልጊዜው ከሥራ ስወጣ። እሱ ያመሻል። እኔ እዚያ ጥግ ካለው ወንበሬ ሆኜ ሲሠራ ስጠብቀው ነው የምውለው። እንዳይቀላቀልብኝ ያልተነሳው በቀኝ፣ የተነሳው በግራ ይቀመጥ ብዬዋለሁ። በዚያስ ታዛዥ ነበር፣ ነፍሱን ይማር።»

የነብዩ ረዳት ሀኒ ግን ማልቀስ እንኳ አቅቷት በረንዳው ላይ ተቀምጣለች። እሷም ተጣልታው ነበር፤ መጽሐፉ ላይ ስሟን አልጽፍም ብሏት ነበር። ትናንት ራሷን ስላመማት ገና ሳይመሽ ሆቴል ገብታለች፤ የሆቴሉ ሰዎችም ይህንኑ ተናግረዋል። አትጠገብ አጠገቧ ተቀመጠችና ስለ ጠብ ትታ ስለ ሥራ ጠየቀቻት። ሰው ስለ ሥራው ሲናገር ይረጋጋል።

«ብልቃጦቹ አሮጌ ናቸው» አለች ሀኒ። «ስታንቀሳቅሻቸው ከሥር ያለው ዝቃጭ ተነስቶ እንደ ጉሽ ጠላ ይደፈርሳሉ። በዚያ ሁኔታ ፎቶ አይወጣም። ስለዚህ ሁሌ ማታ የነገውን ብልቃጥ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠን እንሄዳለን፤ ሲያድር ይጠራል። ጠዋት ማንም ሳይነካው ነብዩ ያነሳዋል።»

«አንድ ብቻ?»

«አንድ ብቻ። ሁለተኛ ሲቀመጥ ጠረጴዛው ይነቃነቃል፣ የመጀመሪያውም ይበላሻል። ትናንት የእጁን ብልቃጥ ያስቀመጥነው እኔና አቶ ሽብሩ ነን። ከዚያ ተለያየን።»

«የተኛው ሕፃንስ?»

«እሱ ሰኞ አልቋል። ቀላል ነበር። የሌሎቹ መስታወት አረፋ ስላለው ብርሃን ያጣምማል። የሕፃኑ ግን እንደ ሱቅ ብርጭቆ ነው፣ ይሄ ከእነሱ ጋር አልመጣም ብሎ ነብዩ ሲገረም ነበር።»

አትጠገብ ከሟቹ ካሜራ ውስጥ ያሉትን ፎቶዎች እንድታሳያት ጠየቀቻት። ሀኒ ላፕቶፑን ከፈተች። ልብ፣ ሳንባ፣ የሰም ፊቶች፤ ቀጥሎ የሕፃኑ እግር ከቅርብ የተነሳ። የመጨረሻው ከሌሎቹ የተለየ ነው፤ በፕላስቲክ ነጠላ ጫማ ውስጥ ያለ፣ ጭቃው የታጠበ የአንድ አዛውንት እግር። የትናንት ከሰዓት ነው። ሀኒ ስለዚህ ምንም አታውቅም፤ ነብዩ ያገኘውን ሁሉ የሚያነሳ ሰው ነበር። አትጠገብ ሁለቱን ፎቶዎች ደጋግማ አየችና ዝጊው አለቻት።

ዶክተር ገሪማ የሚኖሩት እዚያው ኮሌጁ ግቢ ውስጥ፣ በመምህራን መኖሪያ ነው። ሽበታም፣ ለስላሳ አነጋገር ያላቸው፣ ጌዴኦ ውስጥ ባለ ጤና ጣቢያ ሁሉ ያስተማሩት ሰው የማይጠፋ አንጋፋ መምህር ናቸው። ሙዚየሙ በስማቸው ሊሰየም ነው። አትጠገብን ራሳቸው ወንበር ስበው አስቀመጧት፤ በሟቹም ከልባቸው ያዘኑ ይመስላሉ።

«ያን ክፍል ከረገጥኩ ወራት አልፎኛል» አሉ። «ደረቴ ፎርማሊን አይችልም። ዛሬ ጠዋት እንኳ ከበሩ ነው የተመለስኩት። ምን ይባላል? ሌላ ብልቃጥ ላውርድ ሲል፣ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ሆነበት።»

«ሕፃኑ ከየት የመጣ ነው?»

«ከድሮዎቹ ነው። ፈረንጆቹ ይዘውት የመጡት።»

አመስግናቸው ወጣች። ዝናቡ ጋብ ብሏል። ሲላስን አስከትላ ከኮሌጁ ጀርባ ወዳለው ማቃጠያ ሄደች። አመዱ ዝናብ ገብቶበት እንደ ሊጥ ተጋግሯል፤ አፉ ላይ ሸረሪት ድሯን አድርታለች። ዛሬ ቀርቶ በዚህ ሳምንት እሳት ያየ አይመስልም።

«አቶ ሽብሩ ዋሽተዋል» አለ ሲላስ፣ ካቴናውን ቀበቶው ላይ እየነካካ። እሱም የጌዴኦ ልጅ ነው፤ እናቱ ከአቶ ሽብሩ ጋር በአንድ ቤተ ክርስቲያን ናት። ደስ አላለውም። «ቀድመው የገቡት እሳቸው፣ ሕፃኑን የሰወሩት እሳቸው። ማሰር አለብን።»

«እስቲ መጀመሪያ እንጠይቃቸው» አለች አትጠገብ። ደክሟት ነበር፤ ደግሞም ያየችው እግር ከዓይኗ አልጠፋም።

አቶ ሽብሩ ከዲላ ወጣ ብሎ ጪጩ ነው የሚኖሩት። ቤታቸው ሲደርሱ ከጓሮ ጭቃ ለብሰው እየመጡ ነበር። መኪናውን ሲያዩ አልሸሹም፤ ባልዲ ውሃ አቅርበው፣ ቦቲያቸውን አውልቀው፣ በእርጋታ እግራቸውን ታጠቡ። አትጠገብ እስኪጨርሱ ቆማ እግራቸውን ታይ ነበር።

«ሕፃኑ የታለ፣ አቶ ሽብሩ?»

ወደ ጓሮ መሯት። ከቡናው ሥር አልፈው፣ ትልልቆቹ እንሰቶች መሃል፣ አዲስ የተቆፈረ ትንሽ አፈር አለ። በላዩ እርጥብ የእንሰት ቅጠል ተነጥፏል። የአቶ ሽብሩ ባለቤት፣ ሰፈሩ ሁሉ የእዮብ እናት የሚላቸው፣ አጠገቡ መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ዓይናቸው አብጧል።

«ጠዋት ስገባ ልጁ ሞቶ አገኘሁት» አሉ አቶ ሽብሩ። «ለእሱ የማደርገው ነገር አልነበረም። ሰይድን ጠራሁ። ወደ ስልክ ሲሄድ ሕፃኑን አየሁ፤ መሬት ላይ ነው፣ መስታወት መሃል። በጋቢዬ ጠቀለልኩት። ሰይድ መጥቶ አቃጥለው ተብሏል አለኝ። ወስጄዋለሁ አልኩት፣ ይኸው ነው።»

«ለምን ዋሹ?»

«ብልቃጥ ውስጥ እያለ የትምህርት ዕቃ ነው ይሉናል፤ እሺ አልን። ሠላሳ ዓመት ያህል ፊቴን እያዞርኩ ጠረግኩት። ከብልቃጥ ከወጣ ግን ሬሳ ነው። ሬሳ አይቃጠልም፣ ይቀበራል። የማን ልጅ እንደሆነ አላውቅም። የሰው ልጅ ነው።»

የእዮብ እናት ቀና አሉ። «እህቴ፣ እኔም ከእዮብ በፊት አንድ ነበረኝ። ሆስፒታል ሞቶ ተወለደ፤ እኔ ራሴን አላውቅም ነበር። እሱ ዘመድ ሊጠራ ሲሄድ እነሱ ቀብረነዋል አሉ። የት እንደሆነ አልነገሩንም። ወንድ ይሁን ሴት እንኳ አላውቅም። ስለዚህ ሽብሩ ይሄን ይዞ ሲመጣ ፍታና አሳየኝ አላልኩም፤ አቅፌው ብቻ አለቀስኩ። አታውጡት።»

ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል። የእዮብ እናት እንባ ለዚያ ሁሉ ዘመን ሳይገድ ቆይቶ አሁን ባለቤቱን ያገኘ ይመስል ነበር። ከተማ ስትመለስ ዐቃቤ ሕጉ ነገሩን በአጭሩ ቋጨው፤ ሕፃኑ ከሰው መሞት ጋር የተያያዘ ማስረጃ ነው፣ በነገው ጠዋት ተቆፍሮ ይወጣል፣ አቶ ሽብሩም እስከዚያ ይታሰራሉ። እሷ እስከ ማታ ብቻ ጊዜ ለመነችው። ገዳዩ በራሱ አፍ ካመነ መቆፈር አያስፈልግም፤ ካላመነ ግን ያችን ሴት ጓሮ በአካፋ ሊበትኑት ነው። ይህን ሁሉ ዘመን ፖሊስ ሆና አንድ ነገር አጥብቃ የፈለገችበት ቀን ጥቂት ነው። ዛሬ ያ ጓሮ እንዳይነካ ፈለገች።

ከሰዓት በኋላ ሁሉም ሙዚየሙ ውስጥ ተሰበሰቡ። መስኮቶቹ ተከፍተዋል። ወይዘሮ ስመኝ በጥጋቸው ወንበር፣ ሀኒ ላፕቶፑን ታቅፋ፣ ሰይድ በሩ ላይ፣ ዶክተር ገሪማ መሐረብ አፋቸው ላይ አድርገው። አቶ ሽብሩ ከሲላስ አጠገብ ቆመዋል፤ ካቴና አልገባላቸውም፣ ግን ሁሉም እንደሚገባላቸው የሚያውቅ ይመስል ነበር። አትጠገብ በሲሚንቶው ጠረጴዛ ተደገፈች።

«ነብዩ ከመሰላል አልወደቀም» ብላ ጀመረች። «ብልቃጥ ይዞ ቢወድቅ ኖሮ ፎርማሊኑ ከሥሩም በኖረ ነበር። ጀርባው ግን ደረቅ ነው፤ ብልቃጡ የተሰበረው እሱ ከተዘረጋ በኋላ ነው። የራሱ ቁስል ደግሞ የወለል አይደለም፤ የዚህ ማዕዘን ነው። ከጠረጴዛው ሁሉ የተወለወለው ይሄ ብቻ ነው። ነብዩ ተገፍቶ እዚህ ተመታ። ከዚያ የገፋው ሰው አዙሮ አስተኛው፣ መሰላል ጣለ፣ ብልቃጥ ሰበረ።»

ጠረጴዛው ላይ ወዳለው ብልቃጥ ዞረች።

«የሰበረው ሰው ግን የነብዩን ሥራ አያውቅም። የነገው ብልቃጥ ማታ ተቀምጧል፤ ይኸው፣ ጠርቷል። አንድ ብልቃጥ ጠረጴዛው ላይ እያለ ነብዩ ሌላ አያወርድም። ቢያወርድም ከቀኝ ነው። የተኛው ሕፃን ግን ሰኞ ተነስቶ ወደ ግራ ተዛውሯል፤ ሥራው አልቋል። ሀኒ ይሄን ታውቃለች። አቶ ሽብሩ ብልቃጦቹን ይሸከማሉ፤ ያውቃሉ። ወይዘሮ ስመኝ ደንቡን ያወጡት ራሳቸው ናቸው። ከሦስቱ አንዳቸው መሰላል ቢጥሉ ኖሮ በቀኙ መደርደሪያ ሥር ይጥሉት ነበር፣ ይሄንንም እጅ ከጠረጴዛው ያነሱት ነበር።»

ዶክተር ገሪማ መሐረባቸውን ከአፋቸው አወረዱ። «እኔ ስለማላውቅ እኔ ነኝ ልትዪ ነው?»

«ሰይድ ዛሬ ጠዋት ሲደውልልዎ ብልቃጥ ተሰብሯል ነው ያለዎት። እሱ ከበሩ አላለፈም፤ የትኛው እንደተሰበረ አያውቅም። እዚህ ልብም ሳንባም አለ። እርስዎ ግን ሕፃኑ ይቃጠል አሉ።»

ሰይድ ቀስ ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ዶክተሩ መሐረባቸውን አጠፉ።

«ገምቼ ነው። አሮጌ ብልቃጥ ነው፤ ሁልጊዜ እሱ ይሰበራል ብዬ እሰጋ ነበር።»

«አሮጌ አይደለም» አለች አትጠገብ፤ ስባሪውን ከመሐረቧ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። «የፈረንጆቹ መስታወት አረፋ አለው። ይሄ የእኛ ዘመን ነው። ሕፃኑ ከባሕር ማዶ አልመጣም፤ ከእኛው ሆስፒታል ነው የመጣው። ነብዩ ይሄን አይቷል። ቀጥሎ ያየውን ሀኒ ታሳየን።»

ሀኒ ላፕቶፑን ከፍታ ሁለቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን አደረገች። አንዱ የሕፃኑ እግር ነው፤ ከአውራ ጣቱ ቀጥለው ያሉት ሁለት ጣቶች እስከ ጫፋቸው በቆዳ ተጣብቀዋል። ሌላው በፕላስቲክ ጫማ ውስጥ ያለው ያዛውንቱ እግር ነው። እዚያም ሁለቱ ጣቶች አንድ ላይ ናቸው።

አትጠገብ ወደ አቶ ሽብሩ መመልከት ከብዷት ዶክተሩን እያየች ቀጠለች።

«እንዲህ ያለ ነገር በዘር እንደሚወርድ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ። አሁን ያለኝ ይሄ ነው። አይበቃም ካሉ ሌላ ማስረጃ ጪጩ እንሰት ሥር አለ። ነገ ጠዋት አካፋ ይዘን እንሄዳለን። ፎቶው እንደሚያሳየው ሴት ልጅ ናት፤ እናቷ ፊት እናወጣትና ጣቷን እንቆጥራለን። ከዚህ የሚያድናት የእርስዎ አፍ ብቻ ነው።»

አቶ ሽብሩ ወደ ላፕቶፑ ቀረቡ። እጃቸውን ዘርግተው ስክሪኑን ሊነኩ ሲሉ ተዉት። ከዚያ ወደ ቦቲያቸው አጎንብሰው አዩ፤ በጎማው ውስጥ ያለው እግር የሚታያቸው ይመስል።

«የእናቴም እግር እንዲህ ነበር» አሉ።

ወይዘሮ ስመኝ ሳያስቡት ተነስተው ለዶክተር ገሪማ ወንበራቸውን ሰጧቸው።

«አይቆፈር» አሉ ዶክተሩ። «አይቆፈር። እኔ ነኝ።»

ከዚያ በኋላ የተናገሩት ረጅም አልነበረም። ያኔ ከውጭ ተምረው የተመለሱ ወጣት ነበሩ፤ የሚያስተምሩበት ምንም አልነበራቸውም። አንዲት እናት ራሷን ሳታውቅ ተኝታ፣ አባትየው ዘመድ ሊጠራ ሄዶ፣ ሕፃኑ ጨርቅ ላይ ነበር። ተቀብሯል በሉ ብለው ወሰዱት። ሕክምና ነው፣ ለብዙዎች ይጠቅማል ብለው ራሳቸውን አሳመኑ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሽብሩ የሚባል ሰው ኮሌጁ ተቀጥሮ መጣ፤ አንድ ዝናባማ ቀን ቦቲውን ሲያወልቅ እግሩን አዩ።

«ያን ቀን መናገር ነበረብኝ» አሉ። «ነገ እናገራለሁ አልኩ። ነገ ሌላ ነገ ወለደ። ትናንት ነብዩ ደወለልኝ፤ መጥተው ይመልከቱ አለኝ። መጥቼ አየሁ። ነገ ጠዋት ለአቶ ሽብሩ እነግራቸዋለሁ አለ። ለመንኩት፣ እምቢ አለ። ላፕቶፑን ልነጥቀው ስል ገፋሁት። ልገድለው አልነበረም። ከዚያ ሕፃኗ ከሌለች ፎቶው ብቻውን አይበቃም ብዬ፣ እሷን ላጠፋ ብልቃጡን ሰበርኩ፤ ግን ተሸክሜ መውጣት አልሆነልኝም፣ እጄ አልሄደልኝም። ሽብሩ ያቃጥላታል ብዬ ተውኳት። የታዘዘውን ሁሉ የሚያደርግ ሰው ነበር።»

«እኔን ነበር እንዳቃጥላት ያዘዙኝ» አሉ አቶ ሽብሩ። ድምፃቸው አልጨመረም። «የራሴን ልጅ።»

አቶ ሽብሩ ሠላሳ ዓመት ያህል ጠዋት ጠዋት በዚህ ክፍል መስኮት ሲከፍቱ፣ ብልቃጥ ሲወለውሉ፣ ለዚህ ሰው «ዶክተር» እያሉ በር ሲከፍቱ ኖረዋል። ይህን ሁሉ የሚመጥን ቃል ቢፈልጉ እንኳ አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋቸው ነው፤ በአንደኛውም ቢሆን የሚገኝ አይመስልም። ሲላስ ካቴናውን አውጥቶ ወደ ዶክተሩ ሄደ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። ይህኛው ሲጠራ ግን ልቡ የጠራለት ሰው የለም፤ አትጠገብ እንዲያ ነበር የተሰማት። አቶ ሽብሩን ራሷ በመኪናዋ ጪጩ አደረሰቻቸው። በመንገድ አንድ ጊዜ ብቻ ተናገሩ፤ ያ ፎቶ አንሺ ልጅ እናት እንዳለው ጠየቋት። አለችው አለቻቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

የእዮብ እናት አሁንም እንሰቱ ሥር ነበሩ። የፖሊስ መኪና ሲያዩ ተነስተው፣ አፈሩን በጀርባቸው ከልለው ቆሙ። አቶ ሽብሩ አጠገባቸው ደርሰው በጌዴኦኛ ተናገሩ፣ አንድ ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ። አትጠገብ ከተማው ውስጥ ለኖረችበት ዘመን ያህል የሰማችው ቋንቋ ነው፤ «ልጅ» እና «ሴት» የሚሉትን ለየች፤ ሌላውን ከሴትዮዋ ፊት ተረዳችው። የእዮብ እናት አፋቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። እንደ ጠዋቱ አላለቀሱም። ከአፈሩ ፈቀቅ ብለው አጠገቡ ተቀመጡና የእንሰት ቅጠሉን አስተካከሉ፣ ለተኛ ልጅ የተገለጠ ብርድ ልብስ እንደሚስተካከል።

ቆይተው ወደ አትጠገብ ዞሩ።

«አታወጧትም አይደል፣ እህቴ?»

«አናወጣትም» አለች አትጠገብ፤ ጉልበቷን ይዛ አጠገባቸው ተቀመጠች።